በመርፌ ቁልፍ የቆየው የአንገት ልብስ

እትዬ ዘነቡ ማረፋቸውን የሰማሁት በጠራራ ቀን፣ ቨርጂኒያ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር ባለው የልጄ አፓርትመንት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሰሃን ሳጥብ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ አነሣሁት። ልጃቸው ሂሩት ነበረች።

«እትዬ ሙሉ፣ ቁጭ ይበሉ አልልዎትም። ቆመው ይስሙኝ። እማዬ ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ከዘመድ ሁሉ በፊት ለእርስዎ እንድነግር አዝዛኝ ነበር።»

ውሃውን ዘጋሁ። እጄን አደረቅሁ። ከዚያ በኋላ አለቀስሁ።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት ስገባ ሰው ስለ እኔ ሲንሾካሾክ ደረስሁ። ልጅቷ ለአሮጊት በስልክ መርዶ ነገረች ይላል። ሽማግሌ ሳታስከትል፣ ሰው ሳትሰበስብ፣ እንደ ሰፈር ወሬ በስልክ! እዚህ አገር ስላደገች ነው አለ አንዱ። አንዷ ደግሞ ጎኔ መጥታ ተቀመጠችና፣ «ግፊትሽ ተነሥቶ እዚያው ብትወድቂ ማን ይጠየቅ ነበር?» አለችኝ። ሂሩት ከእኛ ክንድ በማይርቅ ቦታ የሰው ሳህን ታነሣ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ለቅሶ ቤት ሙግት አይገጠምምና ያን ቀን ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማንበብና መጻፍ የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የተማረ ሰው አጻጻፍ ከእኔ አትጠብቁ። እትዬ ዘነቡን የምታውቁ ሁሉ ግን ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሂሩት ያለ ጥፋቷ ተወቅሳለች። እናቷ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ካልተናገርሁ ደግሞ የልጅቷ ንጹሕነት አይታያችሁም።

እትዬ ዘነቡን ያወቅኋቸው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንጻ ውስጥ ስንኖር ነው። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔና ልጄ ሰናይት ከላይ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዲሲ መሀል አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነበሩ። እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች የመስታወት ክፍል ተቀምጠው መስኮቷን ለእያንዳንዱ መኪና ይከፍታሉ፤ በተከፈተች ቁጥር ብርዱ ፊታቸው ላይ ይገባል። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ኪሮሽ ቀጭን ነጭ ክር፣ ለጠረጴዛና ለሶፋ የሚሆን ዳንቴል ነበር። ወፍራሙን ሱፍ ያነሡት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ለራሳቸው አንገት ሠሩ። ቀጥሎ ከእሳቸው ለሚረከበው የማታ ሠራተኛ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጋራዥ መኪና የሚያቆሙት ልጆች ሁሉ ያንኑ ዓይነት የአንገት ልብስ ጠምጥመው ይታዩ ጀመር።

የእሳቸው ሥራ ልሙጥ አይደለም። ኪሮሹን፣ ማለትም መንጠቆውን፣ በክሩ ዓይን አሾልኮ መሳብ ብቻ ከሆነ ልሙጥ ይወጣል፤ ያንን ማንም ይሠራዋል። እሳቸው ግን ከታች ባለው ረድፍ የቆመውን ክር ወገቡን ይዘው ነው የሚስቡት። ከፊት በኩል ሲያቅፉት ጎልቶ ይወጣል፤ ከኋላ በኩል ሲያቅፉት ይሰረጉዳል። ጥቂት ከፊት፣ ጥቂት ከኋላ፣ ቀጥሎ ደግሞ እያቀያየሩ ሲሄዱ እንደ ሰሌን የተጠላለፈ ይመስላል። በአውራ ጣት ቢሄዱበት ያው ይገኛል፤ ጉብ፣ ስርጉድ፣ ጉብ፣ ስርጉድ። ዓይን ቢደክም እንኳ ጣት አይስተውም።

ያስተምሩን የነበረው ከሕንጻው ምድር ቤት፣ ከላውንደሪው ጎን ባለች ክፍል ነው። የልብስ ማድረቂያዎቹ ሙቀት በግድግዳው ያልፍልን ነበር። ክሩን ጠበቅ አድርጋ የምትስብ ስትኖር፣ «አታንቂው፤ እቀፊው» ይሏታል። ይህ ሁሉ ጉብታ ለምን ይጠቅማል ብላ የጠየቀች ደግሞ፣ «የምንሠራው አየሩን ነው፤ ክሩ አጥሩ ነው» የሚል መልስ ታገኛለች። ሙቀቱ ስርጉዱ ውስጥ ይቀመጣል ማለታቸው ነው።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ ስንጠብቅ በዲቪ በቅርቡ የመጣ ጎልማሳ በስስ ጃኬት ሲንቀጠቀጥ አዩ። የራሳቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ጠመጠሙለት። ሰውየው አፍሮ፣ እናቴ ይሄ እኮ የሴት ነው አላቸው። «ብርዱ ጠይቆህ ነው የሚገባው?» አሉትና ወደ አውቶቡሱ ገፋ አደረጉት። ያን ቀን ባዶ አንገታቸውን ዋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ታናሽ ወንድሜ ተሾመ ደብረ ብርሃን ነበር። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ወፍጮ ቤት ነበረውና ማለዳ የሚከፍተው እሱ ራሱ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ማለዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን በስልክ አንገቴን በረደኝ አለኝ። እኔም ቡና ዓይነት ሱፍ ገዝቼ የእትዬ ዘነቡን ሥራ ጀመርሁለት። ቨርጂኒያ፣ በርክ የሚባል ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። እትዬ ዘነቡ ያውቋታልና አነጋግረውልኝ ከሻንጣዋ ቦታ ተሰጠኝ። የሚቀረኝ ሳትበር መጨረስ ብቻ ነበር።

ያኔ ያላወቅሁትን ዛሬ እነግራችኋለሁ። ግማሹን ሳላደርስ ተሾመ ሞቷል።

ሰናይት ሰምታለች። ሲያትል ያለው ልጄ ዳዊት ሰምቷል። እትዬ ዘነቡ ሰምተዋል። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ያለ አማርኛ የሚሰማ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የባለቤቴን መርዶ የሰማሁ ዕለት ወድቄ ሆስፒታል ገብቼ ስለነበር፣ ዳዊት ከሲያትል እስኪመጣና ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪነግረኝ ይደበቅ ተባለ። ወደ ደብረ ብርሃን ልደውል ስል ሰናይት ኔትወርክ የለም ትለኛለች። የስልክ ካርዱን ስጠይቃት አልቋል ትላለች። የአንገት ልብሱን ግን ምን ታድርገው? ከጨረስሁት ለመንገደኛዋ ማስረከቤ ነው፤ መንገደኛዋ ደግሞ ሞቱን ታውቃለች። ፊቷን አይቼ እደርስበታለሁ። ሰናይት ሦስተኛ ፎቅ ወርዳ እያለቀሰች፣ ዳዊት እስኪመጣ፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ሥራዋን ያቆዩልኝ ብላ እትዬ ዘነቡን ለመነቻቸው።

እሳቸውም እሺ አሉ።

በማግስቱ ምድር ቤት ስንቀመጥ ሥራዬን ተቀበሉኝ፤ ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። «ሙሌ፣ እዚህ ጋ ከኋላ ማቀፍ ሲገባሽ ከፊት አቅፈሻል» አሉኝ። የቱ ጋ ብዬ ስጠይቅ ጣታቸውን አሳረፉበት። በአውራ ጣቴ ሄድሁበት። ጉብ፣ ስርጉድ፣ ጉብ፣ ስርጉድ። ምንም የለም። ልጅ ሳለሁ ብዙ ነገር አልተማርሁም፤ የእጄን ሥራ ግን አውቀዋለሁ። አፌን ሳልከፍት ክሩን ሳቡት። ያን ያህል የደከምሁበት በአንድ ትንፋሽ ተተረተረ። ክሩን መልሰው ጠቀለሉና ሰጡኝ።

ከጎኔ ጎረቤታችን እልፍነሽ ተቀምጣለች። የእሷ እንደ መለከት አፍ እየሰፋ ሄዶ ሕፃን ይጠቀለልበታል። እሷን፣ «ጎበዝ፣ ቀጥዪ» አሏት። እኔ ከመጀመሪያው ዓይን ጀመርሁ።

ቅዳሜ ሳይደርስ በረዶ ወረደ። ያን የመሰለ በረዶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ መኪናዎች ተቀብረው የቱ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የዳዊት ፍላይት ካንስል ሆነ። መርዶውን ሊነግሩኝ የተጠሩት የሀያትስቪል ሽማግሌዎች ከበራቸው መውጣት አልቻሉም። እስከ ቅዳሜ የተባለው ውሸት በየቀኑ ይራዘም ጀመር። እኔ ደግሞ ሌላ የምሄድበት የለኝም፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በየቀኑ ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት እወርዳለሁ። እሠራለሁ። ሲገፋልኝ ስህተት ይገኝበታል። ይተረተራል። መጀመሪያ እከራከር ነበር፤ በኋላ ክሩ ሲሳብ ዝም ብዬ እጃቸውን ማየት ጀመርሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ላውንደሪ ስገባ ወሬ ይቆማል። እልፍነሽ አሳንሰር ውስጥ አቅፋኝ አልለቅ አለች፤ ምን ሆንሽ ብላት ብርዱ ነው ትላለች። አንዷ ያላዘዝኋትን ሾርባ ይዛልኝ መጣች። አንድ ነገር እንደሚደበቅብኝ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን በራሴ መንገድ አሰብሁት። ሻንጣ የሚልክ ሰው ያውቀዋል፤ የመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ያለ ቦታ ሰው ያጣላል። እትዬ ዘነቡ የእኔን ቦታ ለእልፍነሽ ሰጥተውታል፤ እኔን በመተርተር እያዘገዩኝ ነው አልሁ። ሁሉም ስለሚያውቅ ነው የሚያፍረው አልሁ። ሳሰላስለው ይበልጥ ገጠመልኝ።

መንገዱ መጠረግ የጀመረ ዕለት ሎቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እትዬ ዘነቡ ከእልፍነሽ ጋር በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሥራዬን እንደያዝሁ ፊታቸው ቆምሁ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለኝን ቦታ ለማን ሰጡብኝ?»

ወደ እልፍነሽ ዞር አሉ።

«ለእልፍነሽ ነው አይደል? የእሷ መለከት ሲሆን ጎበዝ ትባላለች፤ የእኔ ቀጥ ያለው ይተረተራል። ወንድሜ አንገቱን በርዶት እየጠበቀ ነው። ይሄ ፍርድ ነው?»

እልፍነሽ ልትናገር አፏን ከፈተች። እትዬ ዘነቡ ክንዷን ያዙ።

«አዎ» አሉኝ። «ለእልፍነሽ ሰጥቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ደስ ስላለኝ።»

ከወንዶቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ነበር። እዚያ የቆመው ሁሉ እሳቸው እንዳልበደሉኝ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። አንዲት ቃል ተናግረው ራሳቸውን ማዳን ይችሉ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አድልዎኛ ተብለው መቆምን መረጡ።

«እንግዲያው ደጅዎን ሁለተኛ አልረግጥም» አልኋቸውና ወደ ላይ ወጣሁ።

እልኼ ተነሥቶ ነበር። ያለ ማንም አራሚ ጨርሼ መንገደኛዋ ድረስ ራሴ እወስዳለሁ አልሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሠራሁ። ሰናይት መጥታ ታየኛለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና መጥታ ታየኛለች። አይደክምሽም ወይ ትለኛለች። አልደከመኝም። የቀረኝ ስንዝር ሲሆን እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ማለዳ ነው፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ዳዊት ከሲያትል መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የሚናገረው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ እትዬ ዘነቡ ከኋላ ገፍተው ወጡ። «የዋሸኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ልንገራት» አሉ። ፊቴ ተንበረከኩና፣ «ሙሌ፣ ተሾመ የለም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም። እልፍነሽ ናት የነገረችኝ። ስነሣ ሥራው ከጭኔ ወደቀ፤ ኪሮሹ ከዓይኑ ወጣ፤ ክሩ በሰው እግር እየተጎተተ መተርተር ጀመረ። በዚያ ጩኸት መሀል እትዬ ዘነቡ ጎንበስ ብለው አነሡት። ነጠላቸውን ያያዙበትን መርፌ ቁልፍ ነቅለው የመጨረሻውን ዓይን ቆለፉበት። ነጠላው ከትከሻቸው ሲወርድ አላነሡትም አለች።

የተሾመ አርባው ካለፈ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ወረድሁ። ደጅዎን አልረግጥም ብያለሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምሁ። እሳቸው ገባቸው። ወንበራቸውን ጎትተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ዋሽተውኛል» አልኋቸው።

«ዋሽቻለሁ።»

«ሲተረትሩት ስህተት ነበረበት?»

«አንድም አልነበረበትም።»

«ሕንጻው ሁሉ እያወቀ እኔ የሞተ ሰው አንገት ስለካ ከረምሁ። አዝናችሁልኝ ይሆናል። ሐዘኑ ግን የእኔ ነበር፤ እኔን ትታችሁ ተካፈላችሁት።»

«እውነትሽን ነው» አሉኝ። «ሰናይት ለምናኝ ነው አልልሽም። የተረተረው የእኔ እጅ ነው። ምን ልካስሽ?»

የሚካስ ነገር የለም፣ ከዛሬ ወዲያ ግን ምንም አይደብቁብኝ አልኋቸው። እሳቸውም፣ «የእኔን ሞት ከሁሉ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። በቀን፣ ቆመሽ፣ ከአንድ ሰው አፍ» አሉ። እኔ ብቀድምስ አልኋቸው። «እንግዲያው ይደብቁኝ፤ እኔ መደበቅ ለምጃለሁ» ብለው ሳቁ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆምሁ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደፉን ተሻግሬ ገባሁ።

ሥራዬ ያለበትን ቦርሳ አውጥተው ጨርሺው አሉኝ። አልችልም፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ አልኋቸው። እሺ አሉ። ሰናይት ቨርጂኒያ ሥራ አግኝታ ወደ ላንድማርክ ስንዛወርም እሳቸው ጋ ቀረ።

ታመው ልጠይቃቸው የሄድሁ የመጨረሻ ጊዜ ሂሩትን ጠርተው እፊቴ አዘዟት። ቃሏን እንድትጠብቅ፣ በስልክ እንድትነግረኝ፣ ሰው ይዛ እንዳትመጣ። ሂሩት ደነገጠች። «እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ይበል» አሏት። «ሙሌ ትመልስልሻለች።»

እንግዲህ ይኸው መለስሁ። ሂሩት የደወለችልኝ ጨክና አይደለም። እናቷ ለእኔ የገቡትን ቃል፣ ሰው እንደሚያማት እያወቀች ስለ ጠበቀች ነው። እናቷም ሎቢው ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ያማኋቸው እኔ ነበርሁ። መርዶ እንዴት ይነገር የሚለውን እያንዳንዱ በቤቱ ይወስን። የእኔ ግን እንደ ጠየቅሁት ተነግሮኛል፤ አልወደቅሁም። ልጅቷን የወቀሰ ሰው አርባው ዕለት ሲመጣ ይቅርታ ይጠይቃት። እኔ እዚያ ነኝ፤ አያለሁ።

እትዬ ዘነቡ፣ ከቀብርዎ ስንመለስ ሂሩት ቦርሳውን ሰጠችኝ። የእኔ ቡና ዓይነት ሱፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ዓይን እንኳ አልተተረተረም፤ የነጠላዎ መርፌ ቁልፍ ዝጎ እዚያው ነበር። ነቅዬ የእኔ ነጠላ ላይ ሰክቼዋለሁ። ኪሮሹን አስገባሁ፣ የቀረውን ጨረስሁ። ሳላንቅ፣ እንዳሉኝ እያቀፍሁ። ተሾመ አይለብሰውም። አርባዎ ዕለት በሁሉ ፊት የሂሩት አንገት ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ካዘዙኝ በላይ ነው፤ ደስ ስላለኝ። ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቴ ሄጄበታለሁ። ስህተት የለበትም። ያኔም አልነበረበትም። ደህና ይረፉ፣ እትዬ።

ሙሉነሽ፣ ከላንድማርክ